የአሥራ ሁለት ሺህ ዛፍ ጥላ

በመስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን አንኳሬ ተራራ ላይ የጫካ ጥላ ወጣ። ጫካው አልወጣም።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። በማለዳ ጭራሮ ልለቅም ስወጣ ተራራው ከአናቱ እስከ እግሩ በግንድና በቅርንጫፍ ጥላ ተሸፍኖ ነበር። የጥዱ ጥላ ሹል ነው፤ የዋንዛው ሰፋ ያለ ነው፤ የወይራው ደቃቅ ደቃቅ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ባዶ ነው፤ ደመና እንኳ የለበትም። ዝቅ ብዬ አየሁ። በሐምሌ የተከልናቸው ችግኞች ከቁርጭምጭሚቴ ሳይበልጡ በጥላው መሐል ቆመዋል። እጄን አስገባሁ፤ ቀዘቀዘኝ። አወጣሁት፤ ሞቀኝ። ውሻዬ ግን ምንም ሳይጠይቅ ገብቶ ተኛ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀብንም። ሪፖርቱ ወረዳ የደረሰው በአሥራ ስምንት ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ይመኑ የላኩት ሪፖርት አሥራ ሁለት ሺህ ዛፍ ይላል። የተከልነው አራት ሺህ ችግኝ ነው። እንዴት እንደሆነ የማውቀው ሲጽፉ አጠገባቸው ስለነበርኩ ነው። በግንቦት የቆፈርነውን ጉድጓድ አራት ሺህ ብለው ጻፉ። በሰኔ መኪና ያራገፈውን ችግኝ አራት ሺህ ብለው ጻፉ። በሐምሌ የተተከለውን አራት ሺህ ብለው ጻፉ። ከዚያ ሦስቱን ደመሩት።

«ሁሉም ሥራ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ጉድጓዱም ሥራ ነበር። ችግኝ የሚለውን ዛፍ አደረጉትና «ሙሉ በሙሉ ጸድቋል» ብለው ጨረሱ። ሦስት ምስክር ያስፈልግ ስለነበር ከሴቶች እኔ ተመረጥኩ። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉልኝ።

የተከላውም ቀን እንደዚሁ ነበር። ችግኝ የሚመጣው በጥቁር ላስቲክ ተሞልቶ ነው። ሲተከል ላስቲኩ ተቀዶ ይጣላል፤ ካልተቀደደ ሥሩ መሄጃ ያጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ፎቶ የሚያነሳው ሰው ቸኩሏል፣ ዝናቡም ከማዶ እየመጣ ነው፣ ለአንድ አባወራ የተመደበው ደግሞ ሃምሳ ነው። ከነላስቲኩ እየቀበርን አለፍን። ላስቲክ ስትቀድ ያየሁት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እማዋይሽ፣ ጎረቤቴ። እኛ ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ እሷ ገና አሥራ አንደኛው ላይ ነበረች።

«ምነው እማዋይሽ፣ ድንች ትልጫለሽ እንዴ? አሥራ አንድ ብቻ!» አልኳት። ሰዉ ሳቀ።

«ባንቺአየሁ፣ አንቺን በጆንያ አስረው ቢያስተኙሽ እግርሽን ትዘረጊ ነበር?» አለችኝ። ሰዉ አሁንም ሳቀ፤ በዚህኛው ግን እኔ አልሳቅሁም።

ወደ ጥላው ልመለስ። አንኳሬ ትልቅ ተራራ አይደለም። ያደገ ዛፍ ቢሆን ከአራት ሺህ በላይ አይችልም። የቀረው የስምንት ሺህ ዛፍ ጥላ ቦታ ሲያጣ ቁልቁል ወረደ። ጨፌውን ሸፈነ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ከተራራው ሥር ያለውን የእማዋይሽን ግቢ ከነቤቱ ዋጠ፣ እኔና እሷን የሚለየው የቅንጭብ አጥር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ ቅዝቃዜ፤ ከአጥሩ ወዲህ ፀሐይ። ቁጥሩ እዚያ ላይ አልቆ ነው።

ሌላውን ሰው ጥላው አልጎዳውም። እንዲያውም ከገበያ የሚመለሰው እየገባ ያርፍበት ነበር። የጎዳው የእማዋይሽን ባል አያ ደምለውን ነው።

አያ ደምለው ቁርጥማት ከጣላቸው ሦስት ዓመታቸው ነው። መርፌውም ተሞከረ፣ ጠበሉም ተሞከረ። የሚሠራላቸው ፀሐይ ብቻ ሆነ። እማዋይሽ ጠዋት አዝላ ታወጣቸውና ግድግዳውን አስደግፋ ታስቀምጣቸዋለች። ረፋድ ላይ ጣታቸው ይፍታታል። እኩለ ቀን ላይ አንገታቸው ይዞራል። ከሰዓት በኋላ አላፊ አግዳሚውን ይተርባሉ። ፀሐይ ያልወጣች ቀን እንደ ግንድ ናቸው፤ አገጫቸው ሳይቀር ይደርቃል፤ ሾርባ በማንኪያ እጀታ ጥርሳቸውን ከፍታ ነው የምታጠጣቸው። ክረምቱን በእሳት ዳር አሳልፋ መስከረምን ስትጠብቅ ነበር። መስከረም መጣ፤ ጥላውም አብሮ መጣ።

«ሰው ሁሉ ለፍቶ ጥላ ተከለልኝ። ቀድሞ ቢጠይቀኝ ባርኔጣ ይበቃኝ ነበር» አሉ አያ ደምለው በመጀመሪያው ቀን። በሦስተኛው ቀን አገጫቸው ደረቀ።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። አጎዛ አነጠፍኩና «ወዲህ አምጫቸው» አልኳት። በአጥሩ ሽንቁር እያሳለፈች አሥራ ሁለት ቀን የኔ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሞቁ። የጠላቴንም የወዳጄንም ገመና አብረን አወራን። አንገታቸው ዞረ። «ባንቺአየሁ፣ የቀረሽ ጥርስ ስንት ነው? እሱንም ደምረው ለወረዳ ይላኩልሽ» ብለውኛል፤ በሳቅ ሞትኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አቶ ይመኑ በደጄ አለፉ።

«ባንቺአየሁ፣ እንግዳ ሊጎበኘን ነው። ሰው ከጥላው ሸሽቶ እዚህ ሲሞቅ ከታየ ጥላው ጎዳ ያሰኛል» አሉኝ።

 በማግስቱ እማዋይሽ አያ ደምለውን አዝላ ስትመጣ ሽንቁሩ ላይ እሾህ አስገብቼበት ነበር። «ለጊዜው ነው» አልኳት። «እሺ» አለች። እሾህ የዘጋው ሽንቁር ፊት ትንሽ ቆመችና ተመለሰች።

ከዚያ ቀበሌ ሄደች። «አብረሽኝ ነይ» ስላለችኝ እኔም ሄድኩ።

«ምን ፈለግሽ?» አሏት አቶ ይመኑ።

«ደጄ ላይ ያለውን ጥላ ለመቁረጥ ፈቃድ።»

«የምን ዛፍ ነው?»

«ሁለት ጥድ፣ አንድ ዋንዛ።»

«አገር በቀል ነው። አገር በቀል መቁረጥ ክልክል ነው።»

«ዛፉ እኮ የለም፣ አቶ ይመኑ።»

«ከሌለ ምኑን ትቆርጫለሽ?»

«ጥላውን።»

«ጥላ ካለ ዛፍ አለ ማለት ነው። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው።»

የግብርና ባለሙያዋ ሀብታሟ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ልጅ ናት፣ ደግ ናት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። «ችግኞቹም እየገረጡ ነው» አለች። «ጥላ ሥር ናቸው፤ በዚህ ዓይነት አይጸድቁም።»

«የማን ጥላ?» አሏት።

«የራሳቸው።»

አቶ ይመኑ ብዕራቸውን ከደኑ። «የጸደቀ ነገር እንደገና አይጸድቅም» አሉ።

«እንግዲያው ቁጥሩን ቀንሱልኝ» አለች እማዋይሽ። «ስምንት ሺሁን መልሱት። ባሌ ፀሐይ ካላገኘ የጥቅምትን ውርጭ አያልፍም።»

አቶ ይመኑ አሰቡ። ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ የምር አሰቡ። «ምስክሮቹ ተሳስተናል ካሉ እርማት መጻፍ ይቻላል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ባንቺአየሁ፣ ተሳስተሻል?»

ጠረጴዛው ላይ የዘንድሮው ማዳበሪያ የሚታደላቸው ሰዎች ዝርዝር ተዘርግቶ ነበር። ማንበብ ባልችልም ስሜ የቱ ጋ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከላይ ሦስተኛው ነው። አውራ ጣቴን አየሁት። ቀለሙ ከሄደ ቆይቷል።

«እኔ መቁጠር አልችልም» አልኩ።

መንገድ ላይ እማዋይሽ አልተቆጣችም። ወንዙ ጋ ስንደርስ ብቻ እንዲህ አለች፦ «ድንች ስልጥ ግን ቆጥረሽብኝ ነበር። አሥራ አንድ ብለሽ።»

በማግስቱ መጥረቢያ ይዛ ወጣች። የጥላው ግንድ ከሚነሳበት ቦታ መሬቱን መታችው። ሦስቱንም ስትቆርጥ አጥሬን ተደግፌ አይቻለሁ። ሦስቱም ያለ ድምፅ ወደቁ፤ ወድቀውም ጣሪያዋ ላይ ተጋደሙ። ከዚያን ቀን ወዲያ ቤቷ በቀትርም ኩራዝ የሚያስፈልገው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የቀራትን ዘዴ አገኘች። ቅጠል ቢበዛም ፀሐይ መሐል መሐሉን ትሾልካለች። መሬት ላይ ሰፌድ የምታህል፣ አንዳንዴ ቁና የምታህል ብርሃን ትወድቃለች። እማዋይሽ አያ ደምለውን አዝላ እዚያች ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ብርሃኗ ፈቀቅ ስትል ታነሳቸዋለች፣ ታስቀምጣቸዋለች። ብርሃኗ ስለማትቆይ ቀኑን ሙሉ መሬት አይነኩም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ሃያ ሰባት ጊዜ ስታነሳቸው ቆጠርኩ። አዎ፣ ቆጠርኩ። አያ ደምለው ብርሃኗ ላይ ሲያርፉ አንድ ቃል ይወጣቸዋል፣ ሲነሱ ይቋረጣሉ፣ የሚቀጥለው ብርሃን ላይ ይጨርሱታል። አንዲት ቀልድ ከጠዋት እስከ ማታ ትፈጃለች። መጨረሻዋን ከአጥሬ ማዶ ሆኜ ለመስማት ሥራ ፈትቼ ቆሜ አውቃለሁ።

እንግዶቹ በጥቅምት መጡ። ጥላው ሥር ወንበር ተደረደረላቸው። ለስላሳ ጠጡ፣ «ግሩም ነው፣ ነፋሱ ራሱ የጫካ ነው» አሉ። አንደኛው ቀና ብሎ ምንም ስላላየ መነጽሩን ጠረገ። ቀበሌው ዋንጫ ተሸለመ። አቶ ይመኑም በደስታቸው ሰሞን ሌላ ሪፖርት ላኩ። ያንን ስንጽፍ ማንም አልቆፈረም፤ ያለፈውን በሁለት አባዛነው። አሳረፍኩ፤ ጣቴን ማለቴ ነው።

ሃያ አራት ሺሁ ጥላ የገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባለፈው ጥላ ላይ ተደረበ፣ የቅንጭብ አጥሩን ተሻገረ፣ የኔንም ደጅ ይዞ ሄደ። መሬት ላይ የነበሩት ብርሃኖች አንድ በአንድ ጠፉ። ከተራራው ወገብ ላይ አንዲት ብቻ ቀረች።

እማዋይሽ አያ ደምለውን አዝላ ወጣች። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ጀርባዋ ላይ እንደ ሳንቃ ነበሩ።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ያቺን አየሻት? አንድ ቀርታለች።»

«ትርቃለች።»

«ትርቃለች» አለች።

  መጀመሪያ እግሯ፣ ከዚያ ነጠላዋ፣ በመጨረሻ የአያ ደምለው ጫማ በጥላው ውስጥ ጠፋ። ብርሃኗ እሷ በቀረበች ቁጥር ሽቅብ ስትሸሽ ይታየኝ ነበር። አልተጣራሁም።

ዕድሩ ሦስት ቀን ፈለጋቸው። አንኳሬ ሰው የሚጠፋበት ተራራ አይደለም፤ አንዱ ጫፍ ላይ ያስነጠሰ ሌላው ጫፍ ላይ ይማርህ ይባላል። አላገኘናቸውም። ያገኘነው ችግኞቹን ነው፤ ሁሉም ደርቀዋል። ከኔ ሃምሳ አንዱን ነቀልኩት። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ራሱን በራሱ ላይ አሥር ጊዜ ጠምጥሟል፤ በር የፈለገ ይመስላል። ሀብታሟ ከእማዋይሽ አሥራ አንድ አንዱን ነቀለች። የዚያ ሥር አንድ ክንድ ወርዶ ነበር። እሱም ደርቋል። ሀብታሟ ችግኙን እንደያዘች ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አልነሳም አለች፤ ወንዶቹ ደግፈው አወረዷት። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ለቅሶ እንቀመጥ ተባለና አቶ ይመኑ ተጠየቁ። «አስከሬን የለም። ከቀበሌውም አልወጡም። በነዋሪነት ይቀጥላሉ» አሉ። ዕድሩም ድንኳኑን አጥፎ መለሰ።

አሁን ቤቴ ብርድ ነው። ጎመኔ ነጭ ሆነ። ውሻዬ ከጥላው አይነሳም፤ ስጠራው ጭራው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እምቢ ይሉኛል፤ ትናንት ክር በመርፌ ማስገባት አቅቶኝ ተውኩት።

ብርሃኗ ግን አለች። ሰው ሁሉ ያያታል፤ ማንም አያነሳትም። እንደ ሌሎቹ ከፀሐይ ጋር አትዞርም። በየቀኑ ቁልቁል ትወርዳለች። ውስጧ ሁለት ጥላ አለ፤ ያንዱ ጉልበት አልታጠፈም፣ ሌላው ከጀርባው ደግፎታል። ጥላውን የሚጥል ሰው ግን የለም። የሚያወራው የወንዱ ጥላ ነው፤ አገጩ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

ሰኞ ወንዙን ተሻገረች። ረቡዕ የቅንጭቡ አጥር ሥር ነበረች። ዛሬ በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ አገኘኋት።

ቆሜ አየኋቸው። የወንዱ ጥላ ወሬውን አቋረጠ። ከዚያ ሁለቱም ግራና ቀኝ ፈቀቅ አሉ፤ መሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ብርሃን ተከፈተ።