ከላሚቱ ሆድ የወጣው

ዓብዲሳ ካራውን በሞተችው ላም ግራ ጎን ሰክቶ ወደ ታች ሰነጠቀው። ትልቁ ጨጓራ ሲከፈት ከሣሩ ይልቅ ላስቲኩ በዛ፤ የተቋጠረ፣ እንደ ገመድ የተገመደ። ጓንት ባጠለቀ እጁ እየጎተተ መሬት ላይ ዘረጋው።

"ይኼ ሁሉ በአንዲት ላም ሆድ?" አሉ የላሚቱ ባለቤት ፋንቱ። ከትናንት ጀምሮ አልቅሰው ድምፃቸው ሰልሏል።

"የወጥ ሽታ ስላለው ነው፣ አዴ ፋንቱ። ጨው ብላ ትልሰውና ከነላስቲኩ ትውጠዋለች። አይፈጭ፣ አይወጣ።"

በአምቦና በዙሪያዋ የከብት ሐኪም ሆኖ ይህንኑ ለገበሬው ሲያስተምር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

"ገለታ ነው!" አሉ ፋንቱ ድንገት። "የሱቁን ጥራጊ ሁሉ ቦዩ ውስጥ የሚደፋ እሱ አይደል? ጠዋት ጠዋት ወተቷን እየጠጣ ገደላት!"

ዓብዲሳ አንዱን ቁራጭ በባልዲው ውሃ ነከረና አሸት አሸት አደረገው። ነጭ ላስቲክ ላይ ወርቃማ አበባ ብቅ አለ።

አወቀው። ከመርካቶ ራሱ መርጦ ያመጣው የጠረጴዛ ልብስ ነው። ልጁ መቲ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ሁለት መቶ ሰው ጠርተው ነበር። የእድሩን ሳህን እንዋስ ቢል ሚስቱ ወርቅቱ አሻፈረኝ አለች። "በዚህ ዘመን የእድር ሳህን? ሰው ምን ይላል? ደግሞ አጥቦ መመለሱ!" ስለዚህ ሳህኑም፣ ብርጭቆውም፣ የጠረጴዛ ልብሱም ተበልቶበት የሚጣል ሆነ። ፋንቱም መጥተው መቲን ከመረቁ በኋላ፣ "የእድሩ ሳህን አቧራ ለብሶ ቀረ በሉኛ!" ብለው አሹፈው ነበር። ድግሱ ሲያበቃ ሁሉንም ከነትርፍራፊው በጠረጴዛው ልብስ ጠቅልሎ ቦዩ ውስጥ የጣለው ራሱ ዓብዲሳ ነው።

"እሁድ እድርተኛው ፊት አቆመዋለሁ" አሉ ፋንቱ። "ከእድር ሳላስወጣው አልተኛም። ሲሞት ማን እንደሚቀብረው ያያል!"

"ገለታ ብቻ እኮ አይደለም ቦዩ ውስጥ የሚጥለው።"

"ታዲያ ማን ነው? ስም ጥራልኝ!"

ዓብዲሳ ባልዲውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

"አየህ! በል የሞተችበትን ምክንያት ጻፍልኝ። ማስረጃ ይሆነኛል።"

ጓንቱን አውልቆ ተቀመጠና ቅጹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የላሚቱን ዕድሜ፣ ቀለሟንና የአምስት ወር እርጉዝ መሆኗን ሞላ። "የሞት ምክንያት" በሚለው ፊት ለፊት "ላስቲክ" ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እስከዚህ ድረስ ሐሰት የለበትም፤ ማኅተም ቢያደርግበት ማንም አይጠይቀውም። ፋንቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ገለታ ሱቅ አዙረዋል።

እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። "ላስቲኩ እኔ ዓብዲሳ በልጄ ምርቃት ደግሼ የጣልኩት ነው" ብሎ ጨመረ፤ ፈረመበትም።

"ጨረስክ?" ፋንቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። "መነጽሬን አልያዝኩም። አንተው አንብብልኝ።"

ዓብዲሳ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ከላይ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ጀመር።