በጋቢና የሄደችው

ጦና ሕፃኑን በጀርባው እንዳዘለ የአይሱዙውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታው። የመጨረሻው ጆንያ ከወረደ በኋላ የጫኞቹ አለቃ ሁለቴ ሲመታ ሾፌሩ ኋላውን አያይም፣ አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይነሣል። ሾፌሩ ኸይሩም ማርሽ አስገባና ጥቁር ጭስ እየተፋ ከነጋዴው ከጀማለዲን መጋዘን በር ወጥቶ ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

"አንድም ጆንያ ሳይቀደድ!" አለ ጦና ወገቡን ይዞ።

"ጋሽ ጦና" አለው ምክትሉ ዱባለ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ "ልጅቷስ?"

"የቷ ልጅ?"

"የእህትህ ልጅ ናታ! ጋቢና ውስጥ አስተኛኋት አላልክም?"

ጦና እየሮጠ ነበር። የሶዶ መናኸሪያ ሰው ጦናን ሲሮጥ አይቶ አያውቅም፤ ሌላው ነበር ከሱ የሚሮጠው። አሁን ግን የሐምሌ ጭቃ እየረጨ፣ በእህቱ ነጠላ የታሰረው የዘጠኝ ወር ሕፃን ጀርባው ላይ እየዘለለ፣ እስከ አደባባዩ ድረስ ሮጠ። መኪናው አልነበረም። ሕፃኑ አሮን ጨዋታ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ።

የስድስት ዓመቷ ሩት ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ከመጋረጃው ኋላ ባለችው መኝታ ላይ ነበር የተኛችው። እዚያ ያስገባት ራሱ ነው። ጆንያ በሚወረወርበት ግቢ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልታየውም። "እኔ መጥቼ ውረጂ እስክልሽ ድረስ እንዳትወርጂ" ብሏት ነበር። ለኸይሩ ሊነግረው አስቦ፣ ዱባለ የጆንያ ክምር አጣምሞ ሲደረድር አየና ወደዚያ ሄደ። በዚያው ረሳው።

እህቱ ሚርያም አስተማሪ ናት። ባሏ ጂንካ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ባለፈው ሳምንት አገሯ ገብታለች። ዛሬ ሻንቶ ላይ የአሥር ቀን ሥልጠና ይጀመራል፤ አንድ ቀን የቀረ ሰርተፍኬት አያገኝም፣ ሰርተፍኬት የሌለው ደግሞ እድገት የለውም። ጦና ልጆቹን ቤት ሆኖ ሊጠብቅ ይችል ነበር። ግን በጫኞቹ ደንብ አንድ ሳምንት የቀረ አለቃ ቦታው ለምክትሉ ያልፋል። ዘጠኝ ዓመት በጉልበቱና በምላሱ የያዘውን ቦታ ለዱባለ? እናም ለሚርያም ሳይነግር ልጆቹን ይዞ ሥራ ገባ።

ሚርያም ጠዋት ከደብተር በገነጠለችው ወረቀት ላይ ሃያ ሁለት ነገር ጽፋ ሰጥታው ነበር። ለውዝ እንዳትሰጣቸው። ውሻ እንዳይጠጋቸው። ጉድጓድ ዳር እንዳይሄዱ። መብረቅ ከመጣ ዛፍ ሥር እንዳትቆም። የማያውቁት ሰው እንዳይስማቸው። በመኪና ተረስቶ መሄድ ግን በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ እሷም እንኳ አላሰበችውም።

ለኸይሩ ደጋግሞ ደውሎ አልነሣ ስላለው ወደ መጋዘኑ ሲመለስ ጀማለዲን የኸይሩን ስልክ በእጁ ይዞ ቆሟል።

"ስትደውል እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። ቻርጅ ላይ ትቶት ሄዷል" አለ ነጋዴው። "ቀሪውን ጭነት የሚያደርስላት ተበላ ያለችው እህቴ ዛራ ጋ ልደውል ብል ኔትወርክ እምቢ አለ።"

ጦና ከበሩ ወጣና መጀመሪያ ያየውን ባጃጅ አስቆመ። ሾፌሩ ሶርሳ ይባላል።

"ተበላ" አለው።

"ጋሼ፣ ባጃጅ ከከተማ መውጣት አይፈቀድለትም።"

ጦና አንድ እግሩን ባጃጁ ውስጥ አስገባ።

"ግቡ በቃ" አለ ሶርሳ። "ግን መሃል ላይ ቁጭ በል፤ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደችብኝ።"

ወደ ተበላ የሚወስደው የአርባ ምንጩ መንገድ እየተሠራ ስለነበር በየኪሎ ሜትሩ ወደ ጭቃማ ተለዋጭ መንገድ መውረድ ነበረባቸው። አሮን ራበውና ማልቀስ ጀመረ። ጦና ሊያወርደው አልደፈረም፤ ጠዋት እሱን ለማዘል ሦስት ጫኞች ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ጡጦውን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ሰደደ። ሁለቴ የሕፃኑን ጆሮ አጠባ፤ በሦስተኛው አፉን አገኘ።

"ጋሼ፣ መኪናውን ስንደርስበት ሾፌሩን ትመታዋለህ?" አለ ሶርሳ በመስታወቱ እያየው።

"እሱ ምን አደረገ?"

"እኔ እንጃ። አንተ ሰው ስታሳድድ መጨረሻው ያው ስለሆነ ነው።"

ስልኩ ጮኸ። ሚርያም ነበረች።

"ጋሼ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?"

"አሮን ጡጦውን እየጠጣ ነው።"

"ሩትስ?"

ጦና መንገዱን አየ። "ተኝታለች።"

"በዚህ ሰዓት? አተኮሳት እንዴ? ግንባሯን ነካ አድርግልኝ። ደግሞ ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"ባጃጅ ነው።"

"የት ያለ ባጃ—" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ጦና ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ተበላ የገበያ ቀኗ ነበር። አይሱዙው ከዛራ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሟል። ዙሪያውን ሰው ከቦታል፤ ሙዝ የያዘ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ዱላ ያነሣ። ኸይሩ መኪናው ጎን ላይ ተለጥፏል፤ አንድ ሚሊሺያ ኮሌታውን አንቆ ይዞታል።

"ልጅ ሌባ!" ይላል አንዱ። "ከሶዶ ሰርቆ ወደ አርባ ምንጭ ሊያሻግራት ነው!"

"ወላሂ አላውቃትም!" ይላል ኸይሩ።

"እሷም አላውቀውም ብላለች እኮ! አንተም አታውቃትም፣ እሷም አታውቅህም፤ ታዲያ መኪናህ ውስጥ ማን ወለዳት?"

ሩት ነቅታ የማታውቀውን ሾፌር ስታይ፣ እሱ የኋላውን በር ሊከፍት እስኪወርድ ጠብቃ ሁለቱንም የጋቢና በሮች ከውስጥ ቆልፋለች። እናቷ ያስተማረቻትን አንድም ሳታጓድል ፈጽማለች። ስሟን ሲጠይቋት አልተናገረችም፤ ቤቷን ሲጠይቋት አልተናገረችም። ዛራ በመስኮቱ ከረሜላ ብታሳያት ፊቷን አዞረች። የመለሰችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?" ሲሏት "አላውቀውም" አለች።

ጦና ከባጃጁ ወረደ። ሌላ ቀን ቢሆን መንገድ የሚከፍተው በክርኑ ነበር። አሁን ግን አሮን ጡጦውን ጨርሶ ጀርባው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። በአንድ ትከሻው እየቀደመ፣ በጎኑ እየተሽሎከለከ ገባ።

"እባካችሁ አሳልፉኝ" አለ በሹክሹክታ። "ሕፃን ተኝቷል።"

ሰው ዞሮ አየው። በር የሚያክል ሰውዬ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣ ጀርባው ላይ ባለጥለት ነጠላ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን መንገድ ተከፈተ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ይዛ አቆመችው።

"ኧረ አንገቱ! እንዲህ ነው እንዴ የሚታዘለው?" አለችና በቅቤ እጇ ነጠላውን ወደ ላይ ስባ አጠበቀችለት። "አሁን ሂድ።"

ሚሊሺያው ሰብስቤ ይባላል። ኮሌታውን ሳይለቅ ጦናን ከላይ እስከ ታች አየው።

"አንተስ ማነህ?"

"ጦና ነኝ። የሶዶ ጫኞች አለቃ።"

"ጦና? ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ከድልድይ ላይ የወረወረው?"

"እሱ ነኝ።" ሁልጊዜ ይህን ሲጠይቁት ደስ ይለው ነበር። ዛሬ ቶሎ ብሎ ቀጠለ። "ሰውየውን ልቀቀው። ምንም አላደረገም። ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት። ጋቢና ውስጥ ያስተኛኋት እኔ ነኝ፤ ሳልነግረው ሂድ ያልኩትም እኔ ነኝ። ረስቻት ነው።"

"ልጅ ይረሳል?" አለች ቅቤ ሻጯ ከኋላ።

"እኔ ረሳሁ" አለ ጦና። ሊጮህ አልቻለም፤ ሕፃኑ ይነቃበታል። ሰው ሁሉ ሊሰማው ዝም አለ። "መምታት ያማረው ካለ ሕፃኑን ይቀበለኝና እኔን ይምታ።"

ማንም አልተጠጋም። ሰብስቤ ኮሌታውን ለቀቀና በመዳፉ አስተካከለለት።

"ልጅቷ ትናገር" አለ።

ጦና ወደ መስኮቱ ሄደ። ሩት እግሮቿን አጣጥፋ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"ሩትዬ፣ ውረጂ።"

ቁልፉ ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና፣ እስከዚያ ሳታለቅስ ቆይታ፣ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።

"ቆይተህ መጣህ" አለችው።

"አዎ። ቆየሁ።"

ዱላው ሁሉ ወረደ፤ ገበያተኛው ወደ ገበያው ተመለሰ። ዛራ ማንጎ ልጣ ለሩት ሰጠቻት፣ ለኸይሩ ደግሞ ውሃ። ኸይሩ ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ጨልጦ ጦናን አየው።

"አንተ ሰውዬ፣ በእጅህ ሳትነካኝ ልታስገድለኝ ነበር እኮ!"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኸይሩ።"

"ይህን ቃል ካንተ አፍ ሰምቼ አላውቅም" አለ ኸይሩ። ተቆጥቶ መቆየት ፈልጎ ነበር፤ የቅቤ ሻጯ ጣት ነጠላው ላይ ታትሞ ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው። "ና ግባ። ራሴ እመልሳችኋለሁ፤ ጋቢናዬን ግን ከመነሣቴ በፊት እፈትሻለሁ።"

ሶርሳ ሂሳቡን ተቀብሎ ቀድሞ ሄደ። ጭነቱ ሲራገፍ እነሱም ሦስቱ ጋቢና ገቡ፤ ሩት ጦና ጭን ላይ፣ አሮን ከጀርባው ወርዶ በክንዱ ላይ። ከተማውን ሲለቁ ኔትወርክ መጣና ስልኩ ጮኸ።

"ጋሼ! ስንቴ ደወልኩ! ሩት ነቃች?"

ሩት አፏ ማንጎ እንደሞላ ቀና ብላ አየችው። "ነቅታለች" ቢል ያ እውነት ነበር፤ ሥልጠናውም አይታወክም፣ ሚርያምም ሌሊቱን ትተኛለች።

"ሚርያም፣ መጀመሪያ ሁለቱም ደህና ናቸው" አለ። "ቀጥሎ ደግሞ ቁጭ በይና ስሚኝ።"

ነገራት። መጋዘኑን፣ መኪናውን፣ ሕዝቡን፣ ሁሉንም።

"ነገ አልሄድም" አለች በመጨረሻ። "ሰርተፍኬቱ ይቅር።"

"ትሄጃለሽ።"

"ለማን ጥዬ?"

"ለኔ።"

"ከዛሬ በኋላ?"

"ከዛሬ በኋላ። ቤት ነው የምውለው፤ በሩን ዘግቼ።"

"መኪና ከገባስ? አውቅሃለሁ እኮ፣ ጋሼ። የመኪና ድምፅ ስትሰማ እግርህ አይቆምልህም።"

"ቆዪ" አለና ዘጋ። በአውራ ጣቱ ሌላ ቁጥር ፈለገ።

"አገኘሃት?" አለ ዱባለ ገና ሲያነሣው።

"አግኝቻታለሁ። ነገ ሲሚንቶው ይገባል?"

"ሁለት ተሳቢ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንጠብቅሃለን።"

"አትጠብቁኝ። አንተ አስወርድ።"

"ለነገ ብቻ?"

"ለአሥር ቀን።"

"ጋሽ ጦና፣ ደንቡን ታውቀዋለህ" አለ ዱባለ። ድምፁ ውስጥ ሳቅም ሐዘኔታም ነበረ። "ሳምንት ካለፈ ቦታው የኔ ነው። ስትመጣ ልልቀቅልህ ብል እንኳ ጫኞቹ እሺ አይሉኝም።"

"አውቃለሁ" አለ ጦና፣ የሩትን ጉንጭ በነጠላው ጫፍ እየጠረገ። "ተሳቢዎቹ ሲገቡ ክምሩን አጣምመህ እንዳትደረድር።"