ከወንበሩ ጀርባ ያለው ብረት

የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያው ቀይ ኳስ ምሰሶው ላይ ሲሰቀል የቻይናዋ ቼንግዱ ከተማ ሰው ወደ መሸሸጊያ ጉድጓዱ ይሮጣል፤ የእኛ አብራሪዎች ደግሞ ወደ ምዕራብ ይበራሉ። ትእዛዝ ነው። ጃፓኖች ያንን ፈጣን ባለ ነጠላ ክንፍ አውሮፕላን ካመጡ ወዲህ፣ ባለ ድርብ ክንፍና ጨርቅ የለበሱት ተዋጊ አውሮፕላኖቻችን ቦምቡ እስኪያባራ ተራራ ለተራራ መሸሽ ሆኗል ሥራቸው።

አብራሪውን መቶ አለቃ ሻኦን ይህ ያንገበግበዋል። የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ ለመደልደል የድንጋይ መዳመጫ የሚጎትቱት ሴቶችም አይለቁትም።

«ዛሬስ ወዴት ነው ሽሽቱ?» አለችው እትዬ ልያኦ፣ ገመዱን ከትከሻዋ ሳታወርድ። «ጭልፊት ሲመጣ ጫጩት እንኳ እንዳንተ አይፈጥንም!»

«ኧረ ይሰማሻል!» አለች ጎረቤቷ እየሳቀች።

«ይስማ! ቤቴ ሲነድ የት ነበረ?»

ሻኦ እኔ ዘንድ መጣ። መካኒኩ ነኝ፤ የአውሮፕላኑን የተበሳ ክንፍ በጨርቅ እየለጠፍኩ ነበር።

«ጋሽ ፓንግ፣ ከወንበሬ ጀርባ ያለውን ብረት ፍታልኝ።»

«ጥይት የሚመልስልህ እሱ ብቻ እኮ ነው።»

«ክብደቱ ወደ ላይ አላስወጣ አለኝ። አንዴ ብቻ ከነሱ በላይ ልሁን።»

«ትእዛዙስ?»

«እሱን ለእትዬ ልያኦ ንገራት።»

«ለሚስትህስ ምን ልበላት?»

ክንፉን በጣቱ ነካ አደረገ። ሙጫው ገና እርጥብ ነበር። «በጨርቅ ነው የምንዋጋው፣ ጋሽ ፓንግ። ብረቱ ኖረ አልኖረ ያው ነው።»

ፈታሁለት።

በማግስቱ ኳሱ ሲሰቀል ሌሎቹ ወደ ምዕራብ አቀኑ፤ እሱ ብቻ ሽቅብ ወጣ። ሴቶቹ ከጉድጓዱ አንገታቸውን አውጥተው አዩት። ያ አውሮፕላን ደርሶበት የማያውቀው ከፍታ ላይ ደረሰ። ጃፓኖቹ ግን ከዚያም በላይ ነበሩ።

መትተውት ሩዝ ማሳ ላይ ወድቆ ነደደ። የሚቀበር አካል ስላልተገኘ ሚስቱ የክብር ልብሱንና ቆቡን በሣጥን አድርጋ ቀበረች። እትዬ ልያኦም መጥታ ለሙታን መታሰቢያ የሚቃጠለውን ወረቀት አቃጠለች።

ብረቱን በሌላ አውሮፕላን ላይ ገጠምኩት። አብራሪው ገና ከትምህርት ቤት የመጣ ለጋ ነው። በሜዳው ዳር ሲያልፍ እትዬ ልያኦ ገመዷን ጥላ ተጠጋችው።

«ልጄ፣ ሲመጡ ሽሽ እሺ? ዞር ብለህ እንዳታይ።»

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ወደ አውሮፕላኑ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ብረት በጣቱ አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር በጣም ይከብዳል?»