ቀጭኗ ሽቦ

ፈንታው መኪናዋን ገዝቶ ወር ሳይሞላው ቅር ያለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ድምፅዋ። ስምንት ዓመት ጅዳ ላይ የሰው መኪና ሲነዳ፣ ከወንበር ሥር ተነሥቶ ወገብ የሚነቀንቅ ቤዝ ለምዷል። የራሱ የሆነችው አሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ ግን፣ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ቴፕ ዘፈኑን በአፍንጫው ነበር የሚዘፍነው። ስለዚህ ደሴ ወርዶ ትልቅ የቤዝ ስፒከር ከነሳጥኑ፣ ከነአምፕሊፋየሩ ገዛና፣ አንድ የገበያ ቀን መካነ ሰላም ገብቶ መኪናዋን አስናቀው ሱቅ በር ላይ ገተራት።

«ይኼ ቴፕ ትንኝ ውጧል መሰለኝ» አለ ከጋቢናው ሳይወርድ። «ወላሂ አስናቀው፣ ከበሮው እንኳ አይሰማም። ደረት የሚመታ አርግልኝ።»

አስናቀው ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው። በከተማው ሁለት ጠጋኞች አሉ፤ ሁለተኛው ሲቸግረው ተደብቆ እሱ ዘንድ ይመጣል ይባላል፤ አስናቀውም ይህን ወሬ አስተባብሎ አያውቅም። ሥራውን ይወዳል። ከሥራው ይልቅ ግን ሥራው ሲወደስለት ይወዳል፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሥራው እስከ እኩሌታው ድረስ ያለ እንከን ሄደ። ሳጥኑን ከኋላ ወንበር ሥር አስገባ፣ አምፕሊፋየሩን ከጎኑ በብሎን አሰረ፣ ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝ አድርጎ በምንጣፉ ሥር ሳበ። የቀረችው አንዲት ቀጭን ሽቦ ነበረች። ሥራዋ አምፕሊፋየሩን መቀስቀስና ማስተኛት ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ትቀሰቅሰዋለች፣ ቁልፍ ሲነቀል ታስተኛዋለች። የፋብሪካው ቴፕ ለእሷ የሚሆን መውጫ የለውም። ስለዚህ ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት ፈትቶ፣ ከቁልፉ ጋር የሚበራና የሚጠፋ መስመር ፈልጎ እዚያ ላይ ማሰር ነበረበት።

ይህን ያውቃል። አላውቅም ነበር የማለት ዕድል እንኳ የለውም።

ነገር ግን የገበያው ሰው በሩን ሞልቶት ነበር። ገሚሱ ሬዲዮውን በብብቱ ሸጉጦ ወረፋ ይጠብቃል፤ ገሚሱ ከሳዑዲ የመጣው ሰው ምን ሊያስጮህ እንደሆነ ለማየት ቆሟል። ፈንታው «አላለቀም እንዴ?» እያለ ዘጠኝ ጊዜ ጠይቋል። አስናቀው ቀጭኗን ሽቦ ከወፍራሙ ጋር አገናኛት፣ በናስትሮ ጠቀለላትና «ለጊዜው ነው» አለ ለራሱ። እንዲህ ከታሰረች ማስተኛት የለም፤ አምፕሊፋየሩ ቀን ከሌት ነቅቶ ከባትሪው ይጠጣል። ለፈንታው «ነገ ተመለስ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል» ሊለው አስቦ ነበር። ቴፑ ሲከፈት ግን የሱቁ መስታወት ተርገፈገፈ፤ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ያ ረቢ!» አሉ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ሥራዬ አላለቀም ማለት ከበደው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለ።

የፈንታው መንደር ቀይ አፈር ትባላለች፤ ከከተማው ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የዚያን ዕለት ማታ ደጁ ላይ ቆሞ ቤዙን ለመንደሩ አሰማ። ወጣቱ ጨፈረ፣ አሮጊቶቹ ቤታችን ሊፈርስ ነው ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ነቅሎ ገባ፤ መኪናዋን የሚፈልጋት በአምስተኛው ቀን፣ ደሴ ለመሄድ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የቅሬው ሰዎች የመንደራቸውን ልጅ ፈርሂያን በቃሬዛ ተሸክመው ደጁ ደረሱ። ቅሬ ማለት በዚያ አገር የሞተ የሚቀበርበት፣ የተቸገረ የሚረዳበት ማኅበር ነው፤ ምጥ የጠናባትንም ተሸክሞ የሚሮጠው እሱ ነው። ፈርሂያ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ባሏ ሪያድ ነው፤ አብራት ያለችው እናቷ ኡምኩልሱም ናት። ፈንታው ጋቢውን እንደለበሰ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ «ጢቅ» አለ። ደግሞ አዞረ። ሁለተኛ ጢቅም አላለም።

ገፏት። መሬቱ ውርጭ ስለነበር እግራቸው እየተንሸራተተ ገፏት፤ ከደጁ እስከ መንገዱ ያለው ደግሞ ዳገት ነው። ፀሐይ እስክትወጣ ገፉ። በመጨረሻ ኡምኩልሱም «ልጆቼ፣ ብረቱን ተዉትና ልጄን አንሡልኝ» አለች። ፈንታው ራሱ የቃሬዛውን አንድ እግር ትከሻው ላይ አድርጎ ከተማ ድረስ ሄደ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ፈርሂያ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ፤ ወንድ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ፈንታው አስናቀው ሱቅ ገባና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። የሆነውን ሁሉ ነገረው። አስናቀው ገና ፈንታው «ቁልፉን ሳዞረው» ሲል ሰምቶ ቀሪውን አውቆታል። የያዘውን ፒንሳ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት እንደያዘው ቆመ።

«ና እይልኝ» አለው ፈንታው። «አንተ ነህ የምታውቃት።»

ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ይዘው በጭነት መኪና ተሳፍረው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አስናቀው እነግረዋለሁ ሲል ነበር። የወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ እነግረዋለሁ፤ ድልድዩ አለፈ። ደጁ ላይ ስንወርድ እነግረዋለሁ፤ ወረዱ። ፈንታው «እህል አልቀመስክም፤ ቂጣ ላምጣልህ» ብሎ ገባ። አስናቀው ብቻውን ቀረ።

ብቻውን መቅረት ነው ሰውን የሚያጋልጠው። ካቻቢቴውን አወጣ፣ ክሩስኮቱን ፈታ፣ ከቁልፉ የሚመጣውን መስመር አገኘ፣ ቀጭኗን ሽቦ ያን ቀን መታሰር በነበረባት ቦታ አሰራት። ከወፍራሙ ላይ የቆረጣትን ቁራጭ ከነናስትሮዋ ኪሱ ከተተ። ፈንታው ትኩስ ቂጣ በሰሃን ይዞ ሲወጣ ክሩስኮቱ ተገጥሞ፣ አዲሱ ባትሪ ገብቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ነበር።

«ምን ሆና ነው?»

«ባትሪው አርጅቶ ነው» አለ አስናቀው።

አሮጌነቱስ አሮጌ ነበር። ሙሉ ውሸት ቶሎ ትያዛለች፤ ከእውነት ተጋብታ የምትወለደው ናት ዕድሜዋ የሚረዝም። ቂጣውን ቆርሶ ጎረሰ።

መንደሩ ግን ባትሪ የሚባል ነገር አልተቀበለም። ያቺ መኪና ከሦስት ቀን በፊት ግድግዳ ስታንቀጠቅጥ ሁሉም ሰምቷል። «ለዘፈን የምትነሣ መኪና ለምጥ እምቢ አለች» ተባለ። ፈንታው ወንበሩ ደም እንዳይነካው ፈርቶ ነው ያለም አለ። ሚስቱን ውሃ የምትቀዳበት ቦታ ላይ ሰላም የሚላት ጠፋ። ቀጥሎም የቅሬው ዳኛ አያ አልታዬ ለዓርብ ጠሩት። ፈንታው ያን ጊዜ ፈራ፤ ከቅሬ የተባረረ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት የለምና።

አስናቀው ዘንድ መጥቶ «አንተ ባለሙያ ነህ» አለው። «ከአፌ አይሰሙኝም፣ ከአንተ ይሰማሉ። እባክህ ያየኸውን ንገርልኝ።»

«እመጣለሁ» አለ አስናቀው። ምን እንደሚናገር ግን እሱም አያውቅም። ሚስቱ የሺእመቤት «ምን ነካህ? ሰሞኑን ስትበላም ስትተኛም አላየሁህም» ብትለው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አላት። ሱቁን ዘግቶ ውስጥ ተቀምጦ ሲውል፣ ቁራጯን ሽቦ ከኪሱ እያወጣ ያያታል። ሊጥላት ያስብና መልሶ ይከታታል። የአንድ ጣት ርዝመት እንኳ የላትም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው በአያ አልታዬ አውድማ ላይ ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ኡምኩልሱም ከሴቶቹ ፊት ተቀምጣለች። አስናቀው ዓይኑን ወደዚያ እንዳያሳርፍ ሲጠነቀቅ አንገቱ ደረቀ።

«ልጅ አስናቀው፣ ያየኸውን ተናገር» አሉት አያ አልታዬ።

ተነሣ። አሁን እላለሁ አለ በልቡ። ከአፉ የወጣው ግን ይህ ነበር፦ «ባትሪው ሞቶ ነው ያገኘሁት። አሮጌ ነበር። ፈንታው አልዋሸም።»

ሦስቱም እውነት ናቸው። ጉባኤው ላላ፤ ከባድ ነገር ከላዩ የወረደለት ሰው እንደሚተነፍስ ተነፈሰ። በሐሜቱ ፊት ከነበሩት አንዱ ተነሥቶ የፈንታውን ትከሻ ሳመ። ፈንታው ሄዶ ኡምኩልሱም እግር ላይ ወደቀ፤ እሷም ቀና አደረገችውና «አፉ ብያለሁ፣ ልጄ። አላህም አፉ ይበልህ» አለችው። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አስናቀው ዕድሜውን ሙሉ ዝም ይል ነበር፤ ይህን እሱም ያምናል። አያ አልታዬ ግን በወሎ ደንብ ነገሩን ያለ ዱዓ ሊዘጉት አልወደዱም።

«ና ወዲህ፣ መሃል ግባ» አሉት። «እውነት ተናግሮ ሰውን ከሰው ያስታረቀ ሳይመረቅ አይሄድም። እጅህን ዘርጋ።»

ገባና እጁን ዘረጋ። ሰዉ ሁሉ መዳፉን ወደ ሰማይ አነሣ።

«ይህን እጅ ክፉ አይንካው!»

«አሚን!»

«የነካው ሁሉ ይለምልም፣ የሠራው ሁሉ ለሰው ይጥቀም!»

«አሚን!»

ከሁሉ ልቆ የተሰማው የኡምኩልሱም አሚን ነበር። አስናቀው ያን ጊዜ አያት። ሁለት መዳፎቿን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከልቧ ትለምንለታለች። የልጅ ልጇን ላሳጣት እጅ።

እጁን ሰበሰበ።

«ይተዉት፣ አያ አልታዬ» አለ። «አንቱ አያውቁም። ይህን እጅ አይመርቁት።»

አስናቀው ቁራጯን ሽቦ ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረጋትና ተናገረ። የት መታሰር እንደነበረባት፣ የት እንዳሰራት፣ ባትሪውን ሦስት ቀን የጠጣው የእሱ ሥራ እንደሆነ፣ ጭብጨባው ደስ ብሎት ዝም እንዳለ፣ ኋላም ደብቆ እንዳስተካከላት፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አንዳንዶቹ ስለ ሽቦው የገባቸው ነገር የለም፤ ስለ ሰውየው ግን ገብቷቸዋል።

ፈንታው ዕንባው ሳይደርቅ ቀና አለ።

«ቂጣ ላመጣልህ ስገባ ነው?» አለው።

«አዎ።»

ፈንታው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና ከአውድማው ወጣ። አያ አልታዬ የተዘረጋ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አወረዱት።

ኡምኩልሱም ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች። አስናቀው ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው በወደደ። እሷ ግን መዳፉን ዝቅ አድርጋ ሽቦዋን አየቻት፤ በጣቷ ነካ አደረገቻት።

«እኔ የኤሌትሪክ ነገር አላውቅም፣ ልጄ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን እንደ ደንቡ ላስራት ብትል ኖሮ፣ ስንት ጊዜ ይፈጅብህ ነበር?»

ግማሽ ቀን ቢላት በዚያ አውድማ ላይ ውሸቱን የሚያውቅበት ማንም አልነበረም።

«ሩብ ሰዓት፣ እናቴ» አላት።