ድልድዩ ላይ የተጋቡት ገመዶች

ዙሌይዴና ኒቫልዶ ሲፋቱ ቤትና ዕቃ መካፈሉ አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው አብረው ያቋቋሙት የኢንተርኔት ድርጅት ነበር። በመጨረሻ ወንዙን ድንበር አደረጉት፤ የፔድራ ፉንዳ ከተማ ከወንዙ ወዲህ ያለው የእሷ፣ ማዶው የእሱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ እሷ አንቴና ስትተክል እሱ ከፍ ያለ ይተክላል፤ እሱ ዋጋ ሲቀንስ እሷ ከእሱ በታች ትወርዳለች። ነዋሪው በሁለቱ ጠብ ተጠቅሞ፣ በመላው የብራዚል ሴያራ ግዛት ያልታየ ርካሽ ኢንተርኔት እየኮመኮመ ዓመታት አለፉ።

ጣጣው የመጣው ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከፎርታሌዛ ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ አደባባዩ ላይ ሱቅ ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ወራት በነፃ ማደል ሲጀምር ደንበኛው መኮብለል ያዘ። ዙሌይዴ የጎረቤት ከተማው የኢንተርኔት ድርጅት ባለቤት ሽማግሌው አዴማር ዘንድ ሄዳ፣ "እንዋሃድ" አለቻቸው።

"ግማሽ ከተማ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?" አሉ አዴማር እየሳቁ። "መጀመሪያ ከባልሽ ጋር ተዋሃጂ፤ ከዚያ እኔም እገባለሁ።"

"ከቀድሞ ባሌ!"

"እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የምፈልገው የሁለታችሁን የኢንተርኔት ገመድ ነው።"

ዙሌይዴ ስትናደድ ውላ በማግስቱ ሞተር ብስክሌቷን አስነስታ ወንዙን ተሻገረች። ኒቫልዶ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ በአይብ የተሞላ የታፒዮካ ቂጣውን ይገምጣል።

"መንገድ ጠፋብሽ እንዴ?"

"አልጠፋብኝም። ድርጅቶቻችን ይዋሃዱ።"

ጉርሻው ትን አለው። "አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ?"

"አግባኝ አላልኩህ! አፍህን ጥረግና መልስ ስጠኝ።"

ኒቫልዶ ሳያስበው አፉን ጠረገ። ሁለቱም እኩል ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው!

"አለቃው ማን ሊሆን ነው?"

"በየወሩ እንፈራረቃለን።"

"ስሙስ?"

በስሙ ሳምንት ሙሉ ሲነታረኩ፣ ሠራተኞቹ ሰልችቷቸው ራሳቸው "ድልድይ" ብለው ሰየሙት።

ሁለቱ ገመዶች የሚገናኙበት ቀን እዚያ በሰኔ ከሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ ጋር ገጠመ። በየደጁ ደመራ ተለኩሷል፣ በቆሎ ይጠበሳል። የገመድ ባለሙያዋ ጆዜሊያ ድልድዩ መሃል ጎንበስ ብላ፣ በገመዶቹ ውስጥ ያለውን እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ከክር ጋር ስታበይድ ሕዝቡ ከወዲህም ከወዲያም ከቧታል። አኮርዲዮን የያዘ ሰውም አልታጣ።

"ያዘ!" አለች ጆዜሊያ ቀና ብላ።

ወዲያው ሩዝ እንደ ሠርግ ተበተነ። አንዷ ጎረቤት፣ "ኒቫልዶ፣ ሳማ እንጂ!" ብላ ጮኸች።

"ገመዱን ነው እሷን?"

ዙሌይዴ በክርኗ ጎሸመችው፤ ግን ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት።

አዴማር ቃላቸውን ጠብቀው ገቡ። እሳቸውን አይተው ኮረብታው ላይ ያለችው ከተማ የኢንተርኔት ድርጅት ባለቤቶች ተከተሉ፤ ከዚያም ሌሎች፣ ከዚያም ሌሎች። እያንዳንዱ አንቴናውን፣ ኩርፊያውንና ሥራ የፈታ የአጎቱን ልጅ ይዞ ይመጣል። ዙሌይዴ ሁሉንም ቦታ ቦታውን ታስይዛለች፣ ኒቫልዶ ያስቃል። የፎርታሌዛው ኩባንያ ነገሩ ሲገባው ሽቱ የተርከፈከፈበት ሰው ልኮ፣ "እንግዛችሁ" ቢላቸው ሁለቱ በአንድ አፍ "አንሸጥም" አሉት። ዓመቱ ሳይዞር የአደባባዩ ሱቅ ተዘጋ፤ ቤቱን ድርጅታቸው ድልድይ ተከራየው።

ድርጅቱ እየሰፋ ሲሄድ በየወሩ መፈራረቁ አላዋጣም። የሁሉም ድርጅቶች ባለቤቶች አዴማር ግቢ ተሰብስበው፣ ፍየል እየተጠበሰ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመምረጥ ተቀመጡ። ሁሉም ወንበሩን ፈልጎታል። ጭቅጭቁ ሲጦፍ ኒቫልዶ ተነሣ።

"ስሙኝማ! እኔ ከዚህች ሴት ጋር ተከራክሬ አንድ ቀን አሸንፌ አላውቅም። ታዲያ ከእኛ ጋር ከምትከራከር ለእኛ ብትከራከር አይሻልም?"

ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ እሷን ለመምረጥ እጆች ወጡ። ዙሌይዴ ያቀረረው እንባዋ እንዳይታይባት ወደ ኒቫልዶ ዞረች።

"ምክትሌ አንተ ነህ።"

"ኧረ በእግዜር፣ ደግሞ ልትገዢኝ!" አለ ኒቫልዶ፤ ወንበሩን ግን አንሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።