መክሊት ያልፈረደችው ፍርድ

ፈንታነሽ ይግባኟን የተወችው በልጅ ልጄ ሰበብ መሆኑን የሰማሁት ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ለጉልበታችን ነበር የሄድነው። ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ነን፤ ጉልበታችን እንኳ የከዳን ባንድ ዓመት ነው። ውሃው ደረታችን ደርሶ ሳለ የይግባኝ ቀኗ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቅኋት።

«ምን ይግባኝ አለ እቴ፤ ልጅሽ ፈርዳብኝ የለም?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈንታነሽ ወልዳ አልሳመችም። ጋፋት አጠገብ ያለውን የጤፍ መሬቷን ለወንድሟ ልጅ ለአስማማው በስጦታ አስተላለፈችለት፤ እሱም እስክትሞት ሊጦራት ቃል ገባ። ስጦታው በወረቀት፣ ቃሉ በአፍ። መጀመሪያ ደህና አድርጎ ጦራት፤ ሚስት ካገባ ወዲህ ግን የደጇ መንገድ ጠፋው። ስጦታው ይፍረስልኝ ብላ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን አገላብጦ ስለ መጦር የተጻፈ ነገር የለም ብሎ መለሳት።

የልጅ ልጄ መክሊት ደግሞ ጠበቃ ናት። ከሥራዋ ሌላ በስልክ የምትጽፍበት ገጽ አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍርድ ቤት የወሰነውን ታወጣና ይህ ልክ ነው፣ ይህ ስቷል እያለች ሕጉን ትተነትናለች። የዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ሳይቀር ያነባታል። የፈንታነሽንም ጉዳይ ስም ሳትጠራ ጻፈችው፤ ውሳኔው በሕግ ልክ ነው አለች። የፈንታነሽ ጎረቤቶች ነገሩን ለይተው አነበቡላት። ፈንታነሽ እንደኔው ፊደል አልቆጠረችም፤ አገር የሚሰማት አዋቂ በመጨረሻ ተነሥታ «ልክ ነው» ካለች ያ ፍርድ ነው ብላ ተቀበለች። በኛ ዘመን መጨረሻ የሚናገረው ዳኛው ነበራ።

ውሃ ውስጥ ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ጥለው ኖሯል። አንዷ የሐሙሲት ሴት መሬቷን ሰጥታ ቃሉን ያላስጻፈች ምን ልትል ነው አለች። ሌላዋ ተቆጥታ ሥጋሽን ታስፈርሚያለሽ ወይ ብላ ውሃ ረጨችባት። ውሃው ችሎት ሆነ።

እኔ ግን አባቴን አሰብኩ። አጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ችሎቱ ሾላ ሥር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ሸማቸውን አጣፍተው፣ ከዘራ እየሰበቁ፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ መንገደኛው ሁሉ ጉዳዩን ረስቶ ይቀመጣል። ነገር ያኔ ጣዕም ነበረው። ዛሬ ችሎት ገብታችሁ ስሙ፤ አንዱ ወረቀት ያነባል፣ አንዱ ያዛጋል። ክርክሩ ሲያበቃ አባቴ ቀድመው አይናገሩም። ከታች ያስጀምራሉ፤ ከታዳሚው በዕድሜም በማዕረግም ታናሽ የሆነው ይነሣና «ለኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ ይፈርዳል፤ ከዚያ የሚበልጠው፣ ከዚያ የሚበልጠው። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ የትንሹ አፍ ይታሰራላ። አባቴ በታናሹ ፍርድ ሲጸኑም በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆሜ ነበር የምሰማው። ሴት አትጠየቅም፤ እሱም ነበር፣ አልደብቅም። በልቤ ግን ያልፈረድኩት ጉዳይ አልነበረም።

ደብረ ታቦር ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ መክሊትን ማን ዳኛ ሾመሽ አልኳት። አስተያየት ነው፣ ማንም አስተያየት ይሰጣል ብላ ስለ ገጿ ልታስረዳኝ ጀመረች። የፈንታነሽን ነገር ስነግራት ስልኳን አስቀመጠች።

«ይግባኙን ተዉት? በኔ ምክንያት?»

«ባንቺ።»

«እምዬ፣ የጻፍኩት ግን ልክ ነው። ለጓደኛዎ ብዬ ሕግ አላጣምም» አለችኝ።

ይህን ስትል ደስ አለኝ፤ አላሳየኋትም እንጂ። የአባቴ ደም ናት። አጣምሚልኝ ያለሽ የለም፣ ዳኛ አለመሆንሽን ሄደሽ ንገሪያት አልኳት።

በማግስቱ በባጃጅ ሄድን። ፈንታነሽ ደጇ ላይ ገብስ ታበጥራለች፤ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ «ዳኛዋ መጣች» አለች። መክሊት ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች።

«እማማ ፈንታ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። የጻፍኩት የሚመስለኝን ነው። የይግባኙ ቀንም ገና አላለፈም።»

«እንዲያ ከሆነ የሚመስልሽን ንገሪኛ። ይግባኝ ብል አሸንፋለሁ?»

መክሊት ወደኔ አየች። እኔ ወደ ገብሱ አየሁ።

«አይመስለኝም» አለች።

ልቆነጥጣት ፈለግሁ። ፈንታነሽ ግን በድዷ ሳቀች። «ላንቺ ካልመሰለሽ ለሌላው ሊመስለው ይችላላ» አለች። መክሊት ቃሉን ለምን እንዳላስጻፈች ስትጠይቃት ሳቋ ቆመ።

«የወንድሜን ልጅ፣ በእጄ ያጎረስኩትን፣ ‹አብላኝ› ብዬ ላስፈርመው? ከዚያ ወዲያ ምን ዘመድ አለኝ?»

መክሊት ለዳኞቹም ልክ እንዲህ አድርገው ይንገሯቸው አለቻት። ይግባኙንም እዚያው ደጅ ላይ እየጠየቀቻት ጻፈችላት። የማያሸንፍ የሚመስላትን ነገር ያለ ቅሬታ የምትጽፍ ጠበቃ ያየሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ገጿን ከፍታ የኔን ፊት ታያለች። የአባቴን ችሎት ወግ ነግሬያት፣ ጉዳዩን እንደገና ልታወጣው ነው፤ የሷን ሐሳብ ከኋላ፣ የሰውን ከፊት አድርጋ፣ ይግባኝ መኖሩንም ጽፋ።

«ከታች ነው የሚጀመረው ብለዋል እኮ። ይጀምሩ።»

«ታቹ እኔ ነኝ?» አልኳት። የስድቤን ቀሪ አልነግራችሁም። ከዚያ ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ለኔ እንደሚመስለኝ፣ አንቺ ልጅ፣ እህል መስጠት ያቆመ ሰው መሬቱን ራሱ መልሷል» አልኩ። ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈችው፤ በስሜ፣ በጌጤ ስም። ብዙ ሰው ሞገተኝ። አንድ አስተማሪ ነኝ ባይማ በሕግ መሠረት የለውም ብሎ ረዥም ጻፈብኝ፤ መክሊትን መልስ አጻፍኳት፤ እስካሁን አልተላቀቅንም።

ይግባኙ የተሰማ ቀን ፈንታነሽ ነጭ ለብሳ መጣች። ሦስት ዳኞች ናቸው፤ ታዳሚውን የጠየቀ የለም፤ እኔም ምላሴን በጥርሴ ይዤ ተቀመጥኩ። ፈንታነሽ በእጇ ያጎረሰችውን ልጅ ነገር ደጇ ላይ እንደነገረችን አድርጋ ተናገረች። መካከለኛው ዳኛ ብዕሩን አኖረና ቀና ብሎ ሰማት። ተማክረው «ያስቀርባል» የምትል አንዲት ቃል አሉ። ፈንታነሽ መክሊትን በክርኗ ነካቻት።

«ፈረዱልኝ?»

«ገና ነው እማማ ፈንታ። አስማማው ይቅረብና መልስ ይስጥ አሉ።»

«ፊቴ ቆሞ ከመለሰልኝ ይበቃኛል» አለች ፈንታነሽ፤ ነጠላዋንም ዓይኗ ላይ ሳብ አደረገች።

ለኔ ግን አይበቃኝም። መሬቷን ይመልስ።