የአሸዋው ከረጢት

በለጥሽ ጣውንቷን ወለቴን ትጠላለች ቢሉ ያንሳል፤ ስሟ ሲነሳ ምራቋ ይመርራት ነበር። ባሏ ካሱ ጥሏት ሴቻ ሰፈር ሌላ ጎጆ የቀለሰው ከዚችው ጋር ነው። ባልስ ይሂድ! በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ግን ልጇንም ልትወስድባት መጣች።

ልጇ አቡሽ ጫኖ መንደር፣ እናቱ ጓሮ ካለው ማንጎ ዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ሴቻ ሆስፒታል ሲወስዱት ሐኪሙ፣ «ልጅ ስለሆነ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም፤ አጥንቱ ራሱ ይገጥማል» አለ። እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ፋሻው ጫፍ ላይ ገመድ አሰረና አሸዋ የሞላ ከረጢት ከአልጋው ግርጌ አንጠለጠለበት። ከረጢቱ እየሳበ አጥንቱን ያቃናል፤ ከዚያ ጀሶ ይደረግለታል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ተባለ።

በለጥሽ የመስኖ ውሃ ተራ ይዟት፣ የሙዝ ማሳዋን ጥላ ማደር አልቻለችም። ስለዚህ ሆስፒታሉ አጠገብ የምትኖረው ወለቴ አስታማሚ ሆነች።

በለጥሽ የበሰለ ሙዟን ይዛ ስትገባ፣ ልጇ በወለቴ የአዞ ተረት ይንከተከታል። ወለቴ ምሳ ልታመጣ ስትወጣ፣ ልጁ ሙዙን እንኳ ሳያይ፣ «እማ ወለቴ የት ሄደች?» አለ።

እማ! ለካ እሷም እማ ሆናለች!

ቆይቶ፣ «እማ፣ ከረጢቱን አውርጂልኝ፤ ይጎትተኛል። እማ ወለቴ እምቢ ትለኛለች» አላት።

እሷ እምቢ ያለችውን! በለጥሽ ግራ ቀኝ አይታ ከረጢቱን በርጩማ ላይ አሳረፈችው። ልጁ አንገቷን አቅፎ ሳማት። «አንቺ ትሻያለሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር፣ ጣውንቷ ወጣ ስትል ከረጢቱ በርጩማ ላይ ይወጣል። ቅናት መቼ ሐኪም ይሰማል!

አንድ ጠዋት በለጥሽም ባለችበት የክፍሉ ነርስ ሲስተር ፅዮን ሁለቱን እግሮች አስተያይታ ደነገጠች። የተሰበረው አጥሯል። ወደ ወለቴ ዞረች።

«ከረጢቱን የምታነሺው አንቺ ነሽ? ሌላ አስታማሚ ይምጣ!»

«ኧረ በፈጣሪ ሲስተር፣ እጄም አልነካው!» አለች ወለቴ።

የበለጥሽ ስለት ሰመረ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

«ከእንግዲህ ካልተነካ ይቃናል» አለች ሲስተር። «እያለቀሰ ቢለምናት እምቢ የምትለው ሰው ትፈለግ። አለዚያ ዕድሜ ልኩን ሲያነክስ ይኖራል።»

እምቢ የምትለው ሰው! በለጥሽ አንዲት ብቻ ታውቃለች። «እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች። «እሷ አትነካውም። እሷው ትሁን።»

ወለቴ አንገቷን ደፋች። «እትዬ በለጥሽ፣ አብረን እንሆናለን» አለች በቀስታ። በለጥሽን ይሄ ደግነቷ ይባስ አንገበገባት።

ሲስተር ከረጢቱን መልሳ ስታንጠለጥል አቡሽ ጮኸ። «እማ፣ አውርጂልኝ!»

በለጥሽ በርጩማውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ሂጂ! አልወድሽም! እማ ወለቴን ነው የምወደው!»

«አትውደደኝ የኔ ጌታ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ብቻ ዳንና በሁለት እግርህ ወደ እሷ ሩጥ።»

ከበርጩማው ግን አልተነሳችም።